እንግሊዝኛን ለመጨመር አማርኛን መቀነስ ለምን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከአምስት ሰው ደረሰኝ። አንዷ የልጄ የክፍል ጓደኛ እናት ናት። ሌላዋ ታናሽ እህቴ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ጽሑፉ ለወላጆች የተጻፈ ምክር ነው። እህቴ ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጽፋልኛለች። ይህን የምጽፈው መጀመሪያ ለእሷ ነው።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። የልጅ አእምሮ ለቋንቋ የተከፈተ በር አለው፤ በሰባት ዓመት አካባቢ ይዘጋል። ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ልጅን ያምታታል፤ ስለዚህ ወላጅ ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ ይናገር። አማርኛ የትም አይሄድም፤ ልጁ ከሰፈር ይለቅመዋል። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ከሌለ ካርቱን ይተካል። ሁለት ቋንቋ የሚችል ልጅ በአእምሮው ይልቃል። ሲንጋፖርና ሩዋንዳ በእንግሊዝኛ ተለውጠዋል። የእኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያሽቆለቆለው ደግሞ እንግሊዝኛን ዘግይተን ስለምንጀምር ነው።

የጸሐፊው ጭንቀት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው። እንግሊዝኛው የደከመ ልጅ ሒሳቡን እያወቀው ጥያቄው ሳይገባው ይወድቃል። ስምንት ዓመት መዋዕለ ሕፃናት አስተምሬያለሁ፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ልጆች ሌላ ቋንቋ ቶሎ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው ለዚያ ተብሎ በሚከፈለው ዋጋ ላይ ነው።

ከበሩ እንጀምር። ጸሐፊው ይህን ከአየር ላይ አላመጡትም። እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው) ኤሪክ ሌነበርግ የተባሉ ተመራማሪ ቋንቋን እንደ አፍ መፍቻ የመልመድ ችሎታ ከጉርምስና በኋላ ይቀንሳል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1989 ደግሞ ዣክሊን ጆንሰንና ኤሊሳ ኒውፖርት ከቻይናና ከኮሪያ ወደ አሜሪካ የሄዱ 46 ሰዎችን ፈተኑ። ከሰባት ዓመት በፊት የገቡት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ችሎታቸው እዚያ ከተወለደ ሰው የሚለይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የገቡት እንደ ዕድሜያቸው እየቀነሱ ሄዱ። ሰባት የምትለዋ ቁጥር የመጣችው ከዚህ ይመስለኛል።

ግን እነዚያ ልጆች የት ነበሩ? አሜሪካ። መምህሩ፣ ጎረቤቱ፣ የሱቁ ሰው፣ አብሮ የሚጫወተው ልጅ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ይናገራል። አንድ ልጅ በቀን አሥር ሰዓት ቋንቋውን ቢሰማ በዓመት 3,650 ሰዓት ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ የኬጂ ልጅ በትምህርት ቀናት አንድ አንድ ሰዓት በደንብ ቢማር በዓመት 180 ሰዓት ገደማ ነው። ሃያ እጥፍ ልዩነት አለው። የአሜሪካውን ውጤት አምጥተን ለኛው ልጅ በዕድሜው ብቻ ቃል ልንገባለት አንችልም።

ቋንቋውን በክፍል ውስጥ ብቻ የሚያገኙ ልጆችስ? በባርሴሎና ካርመን ሙኞስና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ለዓመታት ተከታትለዋል። እንግሊዝኛን በ8 ዓመታቸው የጀመሩና በ11 ዓመታቸው የጀመሩ ተማሪዎች እኩል ሰዓት ከተማሩ በኋላ ሲለኩ የተሻሉት ዘግይተው የጀመሩት ነበሩ። ትልቅ ልጅ መማር ያውቃል። ማንበብ ይችላል፤ ሕጉ ሲነገረው ይገባዋል። ሆላንድ ውስጥም በ1978 ካትሪን ስኖውና ማሪያን ሁፍናግል የደች ቋንቋ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን አወዳድረው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፈጠኑት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉት ልጆች ናቸው። ከሁሉም ወደኋላ የቀሩት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉት ነበሩ።

በ2018 ደግሞ ወደ 670,000 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ወጣ። የሰዋስው የመማር ችሎታ እስከ 17 ዓመት ገደማ ብዙም ሳይቀንስ ይቆያል ይላል። እንደ ባለቋንቋው ፍጹም ለመሆን የሚፈልግ ግን እስከ አሥር ዓመቱ ቢጀምር ይሻላል። ይህኛው ክፍል ለጸሐፊው ያግዛል። አነጋገርም እንዲሁ ነው። ልጅ ሆኖ የጀመረ ሰው ድምፁን ይበልጥ ይይዘዋል፤ እቀበላለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ የሚይዘው የሰማውን ነው። መምህሯ «ዚስ ኢዝ» ካለች እሱም «ዚስ ኢዝ» ይላል፤ በሦስት ዓመቱም ቢጀምር።

እህቴ፣ በአጭሩ መልሴ ይህ ነው። በሩ በሰባት ዓመት አይዘጋም። ልጅሽ አምስት ዓመት ሞልቶት እንግሊዝኛ ባይናገር ምንም አላመለጠውም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ ሁለት ቋንቋ ልጅን ያምታታል ወደሚለው። ጸሐፊው ይህን ከማለታቸው በፊት ድሬዳዋን ቢያስቡ ጥሩ ነበር። እዚያ ሰፈር ውስጥ የሚጫወት ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በየተራ ያወራል። ሐረር ሄዳችሁ ደግሞ ሐረሪ ጨምሩበት። እናቱን በአንዱ፣ ባለሱቁን በሌላው፣ ጓደኛውን በሦስተኛው ያናግራል። ማንም ተምታታ አይለውም። ማያሚ ውስጥ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚለምዱ ሕፃናትን ያጠኑ ሰዎችም በ1993 ያገኙት ተመሳሳይ ነገር ነው። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ሲቆጠር የልጁ ቃላት ያነሱ ይመስላሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ግን አንድ ቋንቋ ከሚናገረው እኩያው አያንስም። ስለዚህ ልጅ ቋንቋ ቢያቀላቅል አትደንግጡ። እኛ አዋቂዎቹስ «ሚቲንግ አለኝ» እያልን አይደል የምንውለው? ልጁ መናገር ከዘገየ ግን አማርኛ መተው መድኃኒት አይሆንም። ጆሮው በደንብ ይሰማል ወይ? እሱን ሐኪም ዘንድ ወስዶ ማስመርመር ይቀድማል።

እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ የከበደኝ። ጸሐፊው እናትና አባት እንግሊዝኛቸው ጎደሎ ቢሆንም ቤት ውስጥ በሱ ብቻ እንዲያወሩ ይመክራሉ። ይህን የሚያደርጉ ወላጆች በየታክሲው፣ በየመናፈሻው አያለሁ። ልባቸው ለልጃቸው ነው፤ አልወቅሳቸውም። ግን የሚሉትን አዳምጡ። «ካም ሂር።» «ሲት ዳውን።» «ኢት።» «ዶንት ታች።» አለቀ። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በትእዛዝ ብቻ ሆነ። ያቺው እናት በአማርኛ ብትሆን ዝናቡ ለምን እንደሚዘንብ፣ አያቷ ምን ይሉ እንደነበር፣ ጎረቤቷ ለምን እንዳለቀሰች ትነግረው ነበር። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ይላታል። «እንቆቅልህ» ስትለው «ምን አውቅልህ» ብሎ ያስባል፤ ሲያቅተው አገር ይሰጣታል። ልጅ ምክንያትና ውጤትን፣ ትናንትና ነገን፣ ሐዘንና ደስታን የሚለየው በእንዲህ ያለ ወሬ ነው። በኋላ በእንግሊዝኛ የሚማረው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ መሠረት ላይ ነው። አማርኛ ስል የቤቱን ቋንቋ ማለቴ ነው። ኦሮምኛ ለሚነገርበት ቤት ኦሮምኛው፣ ትግርኛ ለሚነገርበት ትግርኛው።

አማርኛ የትም አይሄድም የሚለውን ከኛ ይበልጥ መመለስ የሚችሉት ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። ዋሺንግተንና አካባቢው ያሉ ቤተሰቦችን ጠይቁ። አያት ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ የልጅ ልጃቸው «ሃይ» ብሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተሰቦችም ልጆች በዕብራይስጥ ቀድመው ለወላጆቻቸው በየቢሮው ያስተረጉማሉ። በዚያው ልክ ደግሞ የወላጆቻቸው አማርኛና ትግርኛ ይጠፋባቸዋል። ሊሊ ዎንግ ፊልሞር በ1991 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ቤተሰቦችን ጠይቀው ይህንኑ አግኝተዋል። ሕፃናት ገና የቤታቸው ቋንቋ ሳይጸና ወደ እንግሊዝኛ ሲገቡ የቤቱ ቋንቋ ይሸሻል። ወላጅ ልጁን የሚመክርበት ቋንቋ ያጣል።

እኛ ያለነው አገራችን ነው፤ እዚህ ይህ አይደርስም ይሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ እንደዚያ አይከፋም። የአዲስ አበባ ልጅ አማርኛ መስማቱ አይቀርም። መስማትና መማር ግን ይለያያሉ። ታክሲ ለመሳፈር የሚበቃ አማርኛ ጋዜጣ ለማንበብ አይበቃም። ስድስት ዓመት ሆኗቸው «ሀ ሁ»ን የማይለዩ፣ «አጎት» የሚለው ቃል ግር የሚላቸው ልጆች አስተምሬያለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ቤት ያደጉ ናቸው።

ስለራሴ ልጅም ልንገራችሁ። የበኩር ልጄ ኬጂ የገባው በሦስት ዓመት ተኩሉ ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢው ውስጥ አማርኛ አያስነግርም ነበር። እኔም አምኜበት ነው የከፈልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሱሪው ረጥቦ መጣ። በማግሥቱም እንዲሁ። ሽንቱን መናገር ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ማታ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠየቅኩት። «ሜይ አይ ጎ አውት የሚለው ጠፋብኝ» አለኝ። በአማርኛ ለመጠየቅ ፈርቶ ነው። ቤት ውስጥ አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ዝምተኛ ሆነ።

አወጣሁት። የገባበት ሌላ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን በቀን አንድ ሰዓት፣ በዘፈንና በጨዋታ ያስተምር ነበር። መምህሯ በአማርኛ ሲጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች፤ ካልገባው ደግሞ ታስረዳዋለች። ዛሬ 5ኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ተረት መጽሐፍ ከእጁ አይለይም፤ ለእህቱ በአማርኛ ይተረጉምላታል። የአንድ ልጅ ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት ግን ከዚያ ወር በኋላ ነው።

ለጸሐፊው የሚያግዝ ጠንካራ ምሳሌ አለ፤ እሳቸው ግን አላነሱትም። ካናዳ፣ ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1965 እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በፈረንሳይኛ እንዲማሩ ተደረገ። ፈረንሳይኛውን በደንብ ያዙ። እንግሊዝኛቸውም አልተጎዳም። ታዲያ ለምን እዚያ ሠራ? የቤታቸው ቋንቋ በአገሩ የተከበረና የትም የሚነበብ ነው። ወላጆቻቸው ቤት ውስጥ እንግሊዝኛቸውን አላቋረጡም። ትምህርት ቤቱም ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንግሊዝኛን እንደ ትምህርት ጨመረላቸው። ልጁ በመጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ቢናገር መምህሩ ይረዳዋል። ሁለተኛው ቋንቋ በመጀመሪያው ላይ ተጨመረ እንጂ በቦታው አልተተካም። ጸሐፊው የሚመክሩት ግን መተካቱን ነው።

በካርቱኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ሲያትል ውስጥ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው በ2003 ያወጡት ጥናት አለ። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ከቻይንኛ ተናጋሪ ጋር 12 ጊዜ ተቀምጠው ሲጫወቱ የቻይንኛን ድምፆች ለይተው መስማት ያዙ። ያንኑ ሰው በቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ከስክሪን ፊት መቀመጥ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ከፍ ያለ ልጅ ከካርቱን ጥቂት ቃል ሊለቅም ይችላል። አብሮት ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ካለ ደግሞ የበለጠ ይለቅማል።

ሁለት ቋንቋ የሚችል ልጅ በአእምሮው ይልቃል የሚለውንም በፍጥነት ልለፈው። ይህን የሚደግፉ ጥናቶች ነበሩ። በ2019 ግን አሜሪካ ውስጥ 4,524 የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆች ተፈትነው ትኩረትን በመቆጣጠር በኩል ብልጫ አልተገኘም። ቋንቋ በራሱ ሀብት ነው። ከሌላ ሰው ጋር ያገናኛል፤ ሌላ መጽሐፍ ይከፍታል። ይህ ይበቃል።

ሲንጋፖርስ? እውነት ነው፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አገሩም በልጽጓል። ነገር ግን እያንዳንዱ ተማሪ የአፍ መፍቻ ተብሎ የተመደበለትን ማንዳሪን፣ ማላይ ወይም ታሚል በትምህርት ቤት ይማራል። መንግሥቱ ለሁለቱም ቋንቋ መምህር አሠልጥኗል፤ መጽሐፍ አሳትሟል። እንዲያም ሆኖ በ2020 ቆጠራ ቤት ውስጥ አብዝተው እንግሊዝኛ የሚናገሩት 48.3 በመቶ ደረሱ። ከአሥር ዓመት በፊት 32.3 በመቶ ነበሩ። በትምህርት ቤት እየተማረ እንኳ የቤት ቋንቋ እንዲህ ይሸሻል። ሩዋንዳ ደግሞ በ2008 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ዞረች። በ2011 የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኪንያሩዋንዳ መለሰች። በ2019 እንደገና ወደ እንግሊዝኛ። ማሌዢያም በ2003 ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ማስተማር ጀምራ ኋላ ላይ ተመልሳለች። እነዚህ አገሮች ገና መንገዳቸውን እየፈለጉ ናቸው። የእንግሊዝኛ ብቻ ድል ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ከባድ ነው።

የመጨረሻው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጸሐፊው እንዳሉት ያሳዝናል። ግን እነዚያ ልጆች እንግሊዝኛን መቼ ጀመሩ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል። 12 ዓመት ተምረውታል። ችግሩ የመዘግየት ቢሆን ኖሮ ሆላንድ ምን ትበል? እዚያ እንግሊዝኛ በሕግ ግዴታ የሚሆነው ልጆች አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። እንግሊዝኛቸውን ዓለም ያደንቀዋል። ደችና እንግሊዝኛ የሥጋ ዘመድ መሆናቸው እንደሚያግዛቸው አልክድም። ፊንላንድም በ2020 የመጀመሪያውን የውጭ ቋንቋ ከ3ኛ ወደ 1ኛ ክፍል አውርዳለች፤ ይህ ጸሐፊውን ይደግፋል። የፊንላንድ ልጅ ግን ሒሳቡን አሁንም የሚማረው በራሱ ቋንቋ ነው።

የኛኑ አገር ያጠኑም አሉ። ካትሊን ሂው፣ ብርሃኑ ቦጋለና ባልደረቦቻቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ሚኒስቴር ጥናት አቅርበው ነበር። ያኔ አንዳንዱ ክልል እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያስተምራል። አዲስ አበባ ከ7ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። ሌላው ከዚያም ቀደም ይላል። በ8ኛ ክፍል ምዘና በሒሳብና በሳይንስ የተሻሉት በአጠቃላይ ሲታይ በራሳቸው ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት ናቸው። ልጁ የጎደለው የእንግሊዝኛ ዓመት ብዛት አልነበረም። ክፍል ውስጥ የሚነገረው ነገር መግባቱ ነው።

ይህን ደግሞ የኔታ ያውቁታል። አያቴ ቄስ ትምህርት ቤት ነው ያደጉት። በዘጠኝ ዓመታቸው ዳዊትን በግእዝ ይደግሙ ነበር። ግእዝ በቤታቸው የሚነገር ቋንቋ አልነበረም። ልጅን በሌላ ቋንቋ ማስጀመር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቁርኣን ቤት የገባ ልጅም ዐረብኛ ፊደል የሚቆጥረው በዚያው ዕድሜ ነው። ግን ትርጓሜው ሲመጣ የኔታ በአማርኛ ያወርዱታል። አንዱን ቃል አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲህ እያሉ። ሼኹም ሲያስረዱ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ነው። አያቴ ግእዙን እስከ እርጅናቸው አልረሱትም፤ አማርኛቸውንም ማንም አልከለከላቸው።

እህቴ፣ ልጅሽ ኬጂ የሚገባበት ዓመት ሲደርስ ለምዝገባ ትሄጃለሽ። ስትሄጂ ክፍያውን ከመጠየቅሽ በፊት ክፍል ገብተሽ ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ። መምህሯ እንግሊዝኛውን በደንብ ትናገራለች ወይ? ከልጆቹ ጋር ታወራለች ወይስ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ታስደግማለች? አማርኛ ፊደል በሳምንት ስንት ቀን አላቸው? ከዚያ አንዱን ሕፃን ተመልክተሽ መምህሯን ጠይቂያት፦ ይህ ልጅ ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልግና እንግሊዝኛው ሲጠፋበት ምን ያደርጋል?